ዴሞ ኤላንትራ ኤን፦ ትገዛ ወይስ ትቅር? የአንድ ግዢ ጉዳይ ጥናት

የአክስቴ ልጅ የሚኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ወደ 40 እየተጠጋ ነው። ሚስትና ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት። ለዓመታት ቶዮታ ካምሪ ሲነዳ ከርሞ በ2025 መጀመሪያ ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) «እስቲ አንድ ጊዜ እንኳን ልቤ የፈቀደውን ልንዳ» አለ። ልቡ የፈቀደው ሀዩንዳይ ኤላንትራ ኤንን ነው። አንድ ዲለር (የመኪና ሻጭ ድርጅት) ጋ የ2024 ሞዴል አገኘ። 4,300 ማይል የሄደች፣ አውቶማቲክ፣ «ዴሞ» የተባለች፤ ዲለሩ ደንበኛ እንዲሞክራት የሚያስነዳት መኪና ማለት ነው። መስታወቷ ላይ የተለጠፈው የፋብሪካ ዋጋ 36,200 ዶላር ይላል። ዲለሩ 33,500 ጽፎባታል።

«2,700 ዶላር ወርዶላታል፤ ልያዛት?» ብሎ ጻፈልኝ።

አዎ ወይም አይ ብሎ መመለስ ቀላል ነበር። ግን ነገሩን እየገላለጥነው ስንሄድ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ሆኖ ተገኘ። 2,700 የሚባለው ቅናሽ አልነበረም።

መጀመሪያ ስለ መኪናዋ ትንሽ ልበል። ስሟ ኤላንትራ ስለሆነ ብዙ ሰው ንቆ ያልፋታል። ኡበር የሚሠራባት ኤላንትራ ሌላ ናት። የኤን ሞተር 2.0 ሊትር ቱርቦ ሲሆን 276 የፈረስ ጉልበት አለው። አውቶማቲኳ ላይ መሪው ላይ ያለችውን ቀይ ቁልፍ ስትጫን ለ20 ሰከንድ ወደ 286 ይወጣል። ካምቢዮዋ ባለ 8 ማርሽና ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ነው፤ ፍሪሲዮኖቹ ዘይት ውስጥ ተነክረው ነው የሚሠሩት። የፊት ፍሬን ዲስኳ 360 ሚሊሜትር ነው። ማርሚታዋማ ስሜቱ ሲመጣበት ተኩስ የተከፈተ ነው የሚመስለው። ጠዋት ቤተሰብ ሳይነቃ ቀስ ብሎ መውጣት የሚፈልግ ሰው ሌላ መኪና ይፈልግ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለማድነቅ ብቻ አይደለም። ካምሪ ለመሞከር የሚመጣ ሰው ወንበሩን ያስተካክላል፣ የኋላ ካሜራውን ያያል፣ ሰፈሩን አንድ ዞሮ ይመለሳል። ኤን ለመሞከር የሚመጣ ሰው ግን ሊረግጥ ነው የመጣው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሞተሩ ሳይሞቅ። የሀዩንዳይ መመሪያ መጽሐፍ ለመጀመሪያዎቹ 600 ማይል ሞተሩን አታስጩኸው፣ በ2,000 እና በ4,000 ዙር መካከል ያዘው ይላል። ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኛው ጋር ተፎካክሮ የመጣ የ22 ዓመት ልጅ ይህን ምክር ያከብራል ብሎ የሚያምን ካለ እሱ ቅዱስ ነው።

በሌላ በኩል ሒሳቡን ሳሰላው ትንሽ ተረጋጋሁ። አንድ የሙከራ ጉዞ 5 ማይል፣ ቢበዛ 10 ማይል ነው። 4,300 ማይልን በሙከራ ብቻ ለመሙላት ቢያንስ 430 ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ አብዛኛውን ማይል የነዳው ሌላ ነው፤ የዲለሩ ሠራተኛ ወደ ቤቱ እየወሰዳት ነበር ማለት ነው። ጥያቄው ማን ነው የሚለው ነው።

ሻጩ ሀበሻ ነበር። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም። «ወንድሜ፣ ማናጀራችን ናቸው ቤታቸው ይዘዋት የሚሄዱት። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ከ60 በላይ አይነዱም» አለ። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፤ ዋሸ ብዬም አላስብም። ግን የአገር ልጅ ስለሆነ ብቻ ወረቀቱን ሳናይ ብንፈርም ጥፋቱ የኛ ነው። ዋጋ የሚወስነው እሱ አይደለም። ውስጥ ቢሮ ውስጥ ያለው ሰውዬ ነው። በአማርኛ የተባለው ነገር ደግሞ በእንግሊዝኛ ካልተጻፈ እዚያ ቢሮ ውስጥ የለም።

ዋጋውን እናንሳ። ዲለሩ የሚያነጻጽረው ከተለጠፈው 36,200 ጋር ነው። ያ ወረቀት በሕግ የግድ ነው፤ ከ1958 ጀምሮ እያንዳንዱ አዲስ መኪና ላይ መለጠፍ አለበት። ነገር ግን ወረቀቱ የሚናገረው ፋብሪካው ይሸጥ ብሎ የሚመክረውን ዋጋ እንጂ ሰው ዛሬ የሚገዛበትን ዋጋ አይደለም። የ2025 ሞዴል እየገባ ባለበት ጊዜ የ2024 መኪና በተለጠፈው ዋጋ የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ የአክስቴን ልጅ አንድ ነገር ብቻ አዘዝኩት፦ ለሌሎች ዲለሮች ኢሜይል ጻፍ፣ ያልተነዳች የ2024 ኤላንትራ ኤን አውቶማቲክ በስንት ትሰጡኛላችሁ በል።

ሦስቱ መልስ ሰጡ። ከሁሉ የተሻለው ሜሪላንድ ያለ ዲለር ነበር፦ 34,700። ማይሏ ገና ሁለት አሃዝ አልሞላም።

አሁን ቅናሹ 2,700 መሆኑ ቀረ። 1,200 ሆነ። 4,300 ማይል፣ ያልታወቁ እግሮች፣ የተበላ ጎማና የተቃጠለ የዋራንቲ ጊዜ፣ ይህ ሁሉ በ1,200 ዶላር። እኔ እዚህ ላይ ልተወው ነበር። እሱ ግን መኪናዋን አይቷታል፤ ያየ ሰው ደግሞ ሒሳብ አይሰማም። «ዋጋዋን እናስወርዳት» አለ። እሺ፣ ለማስወረድ ግን ምክንያት ያስፈልጋል፤ ምክንያት የሚገኘው ከወረቀትና ከጎማ ሥር ነው።

ወረቀቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። የዚህ ጉዳይ ዋናው ነገር እሱ ነው።

ዴሞ መኪና አዲስ ናት ወይስ ያገለገለች? መልሱ እንደ ጠያቂው ይለያያል። በፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ ደንብ መሠረት ለማጓጓዝና ከርክክብ በፊት ለመፈተሽ ከሚያስፈልገው በላይ የተነዳ መኪና ያገለገለ ነው። ዴሞም እዚያ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ዲለሩ መስታወቷ ላይ ለያገለገሉ መኪኖች የሚለጠፈውን የገዢ መመሪያ ወረቀት መለጠፍ አለበት። ወረቀቱ ላይ «እንዳለች» ተብላ ነው የምትሸጠው ወይስ ዋራንቲ አላት የሚል ሣጥን አለ። በእኛዋ መኪና ላይ የፋብሪካው ዋጋ ወረቀት አለ፤ ያ መመሪያ ግን አልነበረም። ሻጩን ስንጠይቀው «አዲስ ናትኮ» አለን። ጎማው አልቋል ስንለው ደግሞ «ዴሞ ናትኮ» አለን። ዋጋ ሲነሳ አዲስ፣ ጉድለት ሲነሳ ያገለገለች። በኋላ ስንነጋገር ማናጀሩ ራሱ መመሪያውን አሳትሞ አመጣው።

የክልሉ መንግሥት የሚያየው ደግሞ ታይትሏን (የባለቤትነት ወረቀቷን) ነው። በማንም ስም ታይትል ወጥቶላት የማያውቅ ከሆነ፣ ፋብሪካው ያወጣላት የትውልድ ሰርተፊኬት ገና ዲለሩ እጅ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ የመጀመሪያ ባለቤት አንተ ነህ። ዲለሩ በስሙ አውጥቶላት ከነበረ ግን አንተ ሁለተኛ ነህ፤ 100 ማይል ብቻ ብትሄድም።

ሀዩንዳይ ላይ ይህ ልዩነት ከባድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሀዩንዳይ ለመኪናው በጠቅላላ የሚሰጠው ዋራንቲ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው። ለሞተርና ለካምቢዮ ግን 10 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ይሰጣል፤ ያ ረጅሙ ዋራንቲ ለመጀመሪያው ባለቤት ብቻ ነው። ሁለተኛው ገዢ ጋ ሲደርስ ወደ 5 ዓመትና 60,000 ይወርዳል። ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ከዋራንቲ ውጭ ሲበላሽ ስንት እንደሚያስከፍል የጠየቀ ሰው ይህን ቁጥር አይረሳም።

ሌላው ደግሞ ቀኑ ነው። ዋራንቲው መቁጠር የሚጀምረው አንተ ከገዛህበት ቀን ላይሆን ይችላል። መኪናዋ መጀመሪያ ሥራ ላይ ከዋለችበት ቀን ነው የሚቆጠረው፤ ዲለሩ ዴሞ አድርጎ ያስመዘገበበት ቀን ማለት ነው። ሻጩ ይህን አያውቅም፣ ቢያውቅም አይነግርህም። ሰርቪስ ክፍል ያለው ሠራተኛ ግን የሻሲ ቁጥሩን ኮምፒዩተር ላይ ሲያስገባ ወዲያው ያየዋል። ቀጥ ብለን ወደ ሰርቪስ ሄድን። ልጅቷ ስክሪኑን አዞረችልን፦ ግንቦት 2024። የአክስቴ ልጅ የጠየቀው ጥር 2025 ላይ ነው። 8 ወር ሄዷል። ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ አነሳው። ከጠቅላላው ድርድር የጠቀመን ያ ፎቶ ነው።

ታይትልስ? አልወጣላትም። የትውልድ ሰርተፊኬቷን ማናጀሩ ከፋይል አውጥቶ አሳየን። እዚህ ላይ ተነፈስን።

ሻጩ ታዲያ በዚህ መሃል ሌላ ነገር አመጣ። «እንዲያውም ርካሽ ከፈለግክ ከጓሮ ሌላ አለችን» አለ። ያቺ ነጭ ነች፣ 2,900 ማይል፣ ጎማዋ ጥሩ፣ ዋጋዋ 31,000። የአክስቴ ልጅ ዓይኑ በራ። ወረቀቷን ስናይ ግን ሰርቪስ ላይ መኪናቸውን ላቆሙ ደንበኞች በውሰት የምትሰጥ ተለዋጭ መኪና ነበረች፤ በዲለሩ ስም ታይትል ወጥቶላታል። የተሻለች፣ ያነሰ የተነዳች፣ 2,500 ዶላር የረከሰች፣ ሆኖም የ10 ዓመቱ ዋራንቲ የሌላት። ሀዩንዳይ ፈትሾ «ሰርቲፋይድ» ብሎ የሚሸጣቸው ያገለገሉ መኪኖች ላይ የ10 ዓመቱ ዋራንቲ ይመለሳል። እሷን በዚያ መንገድ እንዲሸጡልን ጠየቅን፤ አልፈለጉም። ተውናት። እዚያ ግቢ ጎን ለጎን የቆሙትን ሁለቱን ብታያቸው ሁሉም ሰው ነጯን ይመርጣል።

አሁን ወደ ጎማው እንምጣ።

እኔ መኪና ሳይ ከጎማ ነው የምጀምረው፤ ጎማ አይዋሽም። ኤን የምትመጣው 245/35 የሆነ ባለ 19 ኢንች ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4ኤስ ጎማ ይዛ ነው። ተንበርክኬ የፊት ግራውን በባትሪ አየሁት። መሃሉ ደህና ነው። ውጭ ትከሻው ግን እንደ አሸዋ ወረቀት ሻክሯል፤ ጎማው ጠርዝ ላይ ትንንሽ ክምችት አለ። እንዲህ የሚሆነው መኪናዋ በፍጥነት ስትታጠፍ ጎማው መሬቱን ሲፍቅ ነው። ቀኙም ያው ነው። የኋላዎቹ ግን አዲስ ናቸው ማለት ይቻላል። ማናጀሩ ከ60 በላይ አይነዱም የተባለው ነገር እዚያው ላይ አበቃ። ወይ ማናጀሩ ሌላ ጠባይ አላቸው፣ ወይ ቁልፉን ሌላ ሰው ይወስደዋል።

የፍሬን ዲስኩን ጣቴን በጠርዙ አሳልፌ አየሁት። ትንሽ ጠርዝ አውጥቷል፤ ለ4,300 ማይል ትንሽ በዛ እንጂ አያስፈራም። የተቃጠለ ሰማያዊ ቀለም ግን የለውም። ይህ ጥሩ ምልክት ነው። ውድድር ሜዳ ሄዳ ብትሆን ዲስኩ ያሳብቅ ነበር።

ከዚያ የቀለም ውፍረት የምትለካዋን መሣሪያ አወጣሁ። ከኪስ ስልክ የምትበልጥ አይደለችም፤ ላሜራው ላይ ስታስጠጋት በማይክሮን ቁጥር ትሰጣለች። ኮፈኑ 115። የግራ በሮች 120፣ 118። ጣሪያው 110። የቀኝ የኋላ ፓራፋንጎ 290። ደግሜ ለካሁ። 305። ጥግ ላይ 280። ፋብሪካ እንዲህ አይቀባም። ያ ቦታ ተመትቶ ተስተካክሎ እንደገና ተቀብቷል። በዓይን ምንም አይታይም፤ የቀባው ሰው እጁ ይባረክ። ባምፐሩ ላይ መሣሪያዋ አትሠራም፣ ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ ከባምፐሩ ሥር ተንፏቅቄ ገብቼ አየሁ፤ አንዱ የፕላስቲክ ክሊፕ አዲስ ነው፣ ሌሎቹ አቧራ ለብሰዋል።

የመኪናዋ የታሪክ ሪፖርት ንጹሕ ነበር። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ሪፖርቱ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ኢንሹራንስ ያልገባበት፣ ዲለሩ በራሱ ወጪ ያስጠገነው ነገር እዚያ ላይ የሚታይበት መንገድ የለም።

ሻጩን ጠራሁት። «አልተጋጨችም» አለ። ቁጥሩን አሳየሁት። ዝም ብሎ ገባ። ከቆይታ በኋላ ማናጀሩ አንድ ወረቀት ይዞ ወጣ፦ የባትላሜራ ቤት ደረሰኝ። ግቢው ውስጥ ስትንቀሳቀስ ሌላ መኪና ዳሯን ፍቋት፣ ፓራፋንጎዋ ተስተካክሎ ተቀብቷል፤ ባምፐሩም ወርዶ ገብቷል። «ይሄ መዋቢያ ነው፣ አደጋ አይደለም» አለ። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ የብረት አካሏ አልተነካም። ግን ሳይጠየቅ መናገር የነበረበት እሱ ነው። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የድርድሩ ሚዛን ወደኛ ዞረ።

ኮምፒዩተሯንም አየነው። ከ1996 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የተሸጠ የቤንዚን መኪና ሁሉ መሪው ሥር የመመርመሪያ ሶኬት አለው። ርካሽ የሆነ አንባቢ ሰክተህ የስህተት ኮድ ታያለህ። እኔ ከኮዱ ይልቅ የማየው ኮምፒዩተሯ በራሱ የሚያደርጋቸው ፍተሻዎች ተጠናቀዋል ወይ የሚለውን ነው። ኮድ ኖሮባት ከመምጣትህ በፊት አጥፍተውት ከሆነ ፍተሻዎቹ «አልተጠናቀቀም» ይላሉ። የሷ ሁሉም ተጠናቀዋል። ጎሽ።

ሪኮል (ፋብሪካው ጉድለት ለመጠገን የሚያወጣው ጥሪ) አለባት ወይ የሚለውንም የሻሲ ቁጥሩን የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብተን አየን፤ ነፃ ነው። በ2022 ሀዩንዳይ ይህን ባለ 8 ማርሽ ካምቢዮ የያዙ የ2021 እና የ2022 ሞዴሎችን በዘይት ፓምፑ ምክንያት ጠርቶ ነበር፤ መንገድ ላይ ጉልበት ሊያጡ ስለሚችሉ። የኛዋ 2024 ስለሆነች አልነበረባትም። ቢሆንም ማየት ይገባል። አዲስ መኪና ያልተሠራ ሪኮል እያለበት ማስረከብ ክልክል ነው፤ ያገለገለ ላይ ግን የፌዴራል ሕጉ አይከለክልም። ዴሞ ላይ ዲለሩ የትኛውን ጎን እንደሚይዝ ገምቱ።

ነዳናት። ከመሄዳችን በፊት ደውለን ሞተሩን እንዳያሞቁት ጠይቀን ነበር። ሄደን ኮፈኑን ስንነካው ቀዝቃዛ ነው። ስትነሳ ምንም የተለየ ድምፅ የለም። ከፓርክ ወደ ሪቨርስ፣ ከሪቨርስ ወደ ድራይቭ፤ ሳትመታ ትገባለች። ሽቅብ ላይ ቆመን ፍሬኑን ስንለቅ አልተንቀጠቀጠችም። ሀይዌይ ላይ ከ60 ማይል ጠንከር አድርጌ ፍሬን ያዝኩ፤ መሪው አልተንቀጠቀጠም፣ ወደ ጎንም አልሳበችም። ከዚያ ሞተሩ ሲሞቅ ቀይዋን ቁልፍ ተጫንኩ። ስለዚያ ብዙ አልናገርም። የአክስቴ ልጅ ከጎኔ ሆኖ እንደ ሕፃን ሳቀ።

ባለቤቱ ከልጆቹ ጋር ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ስንመለስ «መኪናው ላይ ጥያቄ የለኝም፣ ሰውነቴ ላይ ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ ስፕሪንጉ ደረቅ ነው። በመደበኛው ሞድ ይቻላል፤ በኤን ሞድ ግን ልጅ ይዞ መሄድ ግፍ ነው። ከኋላ ወንበር ጀርባ ደግሞ መኪናዋን ለማጠንከር የገባ ቀይ ብረት አለ። ወንበሩን አጥፈህ ረጅም ዕቃ ልጫን ካልክ እሱ ይከለክልሃል።

ከመኪናዋ ውጭ ያለውን ወጪ ቶሎ ቶሎ ልለፍ። ቨርጂኒያ ውስጥ የመኪና ሽያጭ ታክስ 4.15 በመቶ ነው። ሜሪላንድ ብትገዛም የምትከፍለው መኪናዋን የምታስመዘግብበትን ክልል ታክስ ነው። አሮጌውን መኪና ለዲለሩ ብትሰጥም ታክሱ የሚሰላው ከሙሉው ዋጋ ላይ ነው። በየዓመቱ ደግሞ ከተማው ወይም ካውንቲው በመኪናው ዋጋ ልክ ታክስ ይልካል። የዲለሩ የወረቀት ማስኬጃ ክፍያ 899 ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ ለዚህ ክፍያ በሕግ ጣሪያ ተቀምጧል፤ ስለዚህ ሁለት ዲለር ስታወዳድር የመጨረሻውን ጠቅላላ ብር ነው ማየት ያለብህ። ኢንሹራንሱ ከካምሪው በጣም ጨመረ። ቁልፍ አዙረህ የምታስነሳቸው ሀዩንዳዮች በሰፊው ሲሰረቁ ስለነበር ሰው ሁሉ ሀዩንዳይ ይፈራል፤ ኤን የምትነሳው በመጫኛ ቁልፍ ነው፤ ከዚያ ጣጣ ውጭ ናት። ጎማዎቹ የበጋ ናቸው፤ ብርድ ላይ ይደርቃሉ። የዋሽንግተን አካባቢ ክረምት ሌላ ጎማ ይፈልጋል። ፕሪሚየም ቤንዚን ነው የሚመከርላት። እና ቨርጂኒያ ውስጥ ከ85 ማይል በላይ መንዳት የፍጥነት ትኬት ብቻ አይደለም፤ ወንጀል ነው፣ ፍርድ ቤት ያስቆማል። ይህን ለአክስቴ ልጅ ደግሜ ነገርኩት። ካምሪው እንዲህ ያለ ፈተና ውስጥ አስገብቶት አያውቅም።

ወደ ድርድሩ። እንዲህ አስበን ገባን። ያልተነዳችው ሜሪላንድ 34,700 ናት። ከዚያ ላይ የፊት ሁለቱ ጎማዎች ይቀነሳሉ፤ ጎሚስታው ከነመግጠሚያው 640 ብሎናል። የ8 ወር ዋራንቲ ሄዷል፤ እሱ መኪና ሲይዝ ስለማይለቅ ይህ ባዶ ቁጥር አይደለም። ፓራፋንጎው ተቀብቷል፤ ሲሸጣት ሌላ ሰው ይህንኑ መሣሪያ ያስጠጋበታል። ዘይቷ አንድም ጊዜ አልተቀየረም። 4,300 ማይል ደግሞ 4,300 ማይል ነው። ይህን ሁሉ ደምረን ከ31,500 በላይ ላለመክፈል ተስማማን፤ 30,500 ብለን ጀመርን።

ማናጀሩ ሳቀ። 33,000 አለ። የሜሪላንዱን ኢሜይል አሳየነው። «እሱ ሌላ መኪና ነው» አለ። የሰርቪሱን ስክሪን ፎቶ አሳየነው። «8 ወር ምንም አይደለም፣ 10 ዓመት አለህኮ» አለ። «እሺ፣ ይህንኑ ጻፍልን» አልነው። የመግዣው ውል ላይ ሦስት ነገር እንዲጻፍ ጠየቅን፦ ታይትል ወጥቶላት እንደማያውቅ፣ ዋራንቲው መቁጠር የጀመረበት ቀን፣ እና የቀኝ ፓራፋንጎው እንደተጠገነ። እዚህ ላይ ፊቱ ተለወጠ። ዋጋ መቀነስ ለሱ የዕለት ሥራው ነው፤ መጻፍ ግን ሌላ ነው።

ወጣን። ቨርጂኒያ ውስጥ ከዲለር የገዛኸውን መኪና በማግስቱ ሐሳቤን ቀየርኩ ብሎ የመመለስ መብት የለም። ፈርመህ ቁልፍ ከተቀበልክ አለቀ። ስለዚህ ሳትፈርም መውጣት ያለህ ብቸኛ የማሰቢያ ጊዜ ነው። የአክስቴ ልጅ ለሜሪላንዱ ዲለር ቀጠሮ ያዘ።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ሀበሻው ሻጭ ደወለ። «ወንድሜ፣ ሰውዬው እሺ ብሏል፤ 31,900፣ ሁለት አዲስ ጎማ፣ ዘይት ተቀይሮ። ሦስቱንም እንጽፋለን።» ካሰብነው 400 ይበልጣል። ጎማውና ዘይቱ ሲታሰብ ግን በታች ነው።

እኔ ብሆን ሜሪላንድ እሄድ ነበር። 2,800 ዶላር ጨምሬ፣ እንዴት እንደምጀምራት ራሴ ወስኜ፣ የመጀመሪያውን 600 ማይል ራሴ ነድቼ። ጎማው ትከሻ ላይ ያየሁት ነገር አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም። ይህንኑ ነገርኩት። «አንተ የምታስበው ስለ ሞተር ነው፣ እኔ የማስበው ስለ ወር ክፍያ ነው። ሞተሩን 10 ዓመት ሀዩንዳይ ያስብልኝ» አለ። 9 ዓመት ከ4 ወር ነው አልኩት።

ፈረመ። ሦስቱ ነገሮች በማናጀሩ እጅ ተጽፈው ፊርማ አረፈባቸው፤ ጎማዎቹና ዘይቱ ደግሞ ዲለሩ ገና ያላሟላቸው ግዴታዎች በሚጻፉበት ቅጽ ላይ። አሮጌዎቹ ጎማዎች እስኪፈቱ ድረስ እዚያው ጠበቅን። በሳምንቱ የሀዩንዳይን የደንበኞች መስመር ደውሎ የሻሲ ቁጥሩን ሰጠ፤ እሱ የመጀመሪያ ባለቤት ሆኖ መመዝገቡንና የ10 ዓመቱ ዋራንቲ ከግንቦት 2024 እንደሚቆጠር በኢሜይል እንዲያረጋግጡለት ጠየቀ። ላኩለት። ካምሪው አልተሸጠም፤ ባለቤቱ ልጆቹን የምታደርሰው በሱ ነው።